ብሎኬት ግድግዳና ማሲንቆ

ሰበታ ውስጥ ለኪራይ የሚሠሩ ክፍሎች ይመሳሰላሉ። ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ ወይም ሊሾ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮርኒስ። የአዲስ አበባን ኪራይ ሸሽተው ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የወጡ ወጣት ሙዚቀኞች አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማይክና ሁለት ስፒከር አስገብተው ስቱዲዮ የሚያደርጉት ይህንኑ ክፍል ነው። ዕቃው ከዓመት ዓመት ይሻሻላል፤ ማይክ ይለወጣል፣ ሳውንድ ካርድ ይለወጣል። ክፍሉ ግን እንዳለ ይቀራል። ከሁሉም በላይ ድምፁን የሚያበላሸው ደግሞ እሱ ነው።

ባዶ ክፍል መሐል ቆሞ አንዴ ያጨበጨበ ሰው ችግሩን ወዲያው ይሰማዋል። ከጭብጨባው ቀጥሎ «ትርርር» የሚል ብረት ብረት የሚል ድምፅ ይከተላል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በ3 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት በቆሙ ሁለት ልስን ግድግዳዎች መካከል በአንድ ሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ እየተላተመ ይመላለሳል። ማየት የተሳናቸው ሰዎች የክፍልን ስፋት የሚለዩት በዚሁ ተመላሽ ድምፅ ነው፤ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ባለበት በሰበታ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለት ጆሮ ያለው ሰው ከፊቱ የሚዘፍንለትን ድምፅ ከግድግዳው መልስ ለይቶ ያደምጣል። ማይክ ግን ይህን መለየት አይችልም፤ የደረሰውን ሁሉ ደራርቦ ይቀዳል።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በማሲንቆ ላይ ነው። የጭራው ክር በደጋኑ ሲታሸ ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይወጣሉ፤ ማሲንቆን ማሲንቆ የሚያሰኙትም እነሱ ናቸው። ባዶ ብሎኬት ክፍል ውስጥ እነዚህ ቀጫጭን ድምፆች ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተሙ ቆርቆሮ የተፋቀ ያህል ይሻክራሉ።

ብዙዎች የሚሮጡት ወደ ስፖንጅ ነው። ግድግዳው በሙሉ በስፖንጅ ይለበጣል፤ አንዳንዱም የእንቁላል ካርቶን ይለጥፋል። የእንቁላል ካርቶኑን በግልጽ ልቃወመው፦ ስስ ወረቀት በመሆኑ ከላይኛው ድምፅ ጥቂቱን ብቻ ይቀንሳል፣ ባሱን ጨርሶ አይነካውም፣ እሳት ቢነሳ ደግሞ ክፍሉን ማገዶ ያደርገዋል። ስስ ስፖንጅም ቢሆን የሚውጠው ላይኛውን ድምፅ ስለሆነ ክፍሉን ያፍነዋል እንጂ አያስተካክለውም። በታፈነ ክፍል ሚክስ የሚሠራ ልጅ ዘፈኑ የደበዘዘ ይመስለውና ላይኛውን ድምፅ ይጨምራል፤ ያው ዘፈን ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ጆሮ ይበሳል። ማሲንቆውም እንዲህ ባለ ክፍል ሲቀዳ መሻከሩ ይቀርለታል፣ ግን ነፍሱም አብራ ትወጣለች።

ዲፊዩዘር ወይም ድምፅ በታኝ የሚባለው ነገር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ድምፁን አይውጠውም። አንድ ላይ ተጠራቅሞ የሚመለሰውን ድምፅ ሰባብሮ፣ በትንሽ በትንሹ የጊዜ ልዩነት ወደ ብዙ አቅጣጫ ይበትነዋል። ክፍሉ ሕይወቱን ሳያጣ «ትርርር» ማለቱን ያቆማል።

በ1870 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቪየናው ሙዚክፌራይን አዳራሽ በድምፁ ጥራት ዓለም የሚያደንቀው በአንድ በኩል በሐውልቶቹ፣ በዓምዶቹና ጎድጎድ ባለው ኮርኒሱ ምክንያት ነው። ጌጡ ሳይታሰብ ድምፅ ይበትን ነበር። ይህን በሒሳብ የሠራው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ማንፍሬድ ሽሮደር ነው። ሽሮደር በአሜሪካው ቤል ላብስ ሳለ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በመጥፎ ድምፁ ብዙ ወቀሳ የደረሰበትን የኒውዮርኩን ፊልሃርሞኒክ አዳራሽ ችግር ከመረመሩት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. ጥልቀታቸው በቁጥር ስሌት የሚወሰን ጎድጓዶች ያሉት ግድግዳ ድምፅን እኩል እንደሚበትን ጽፎ አሳየ። ጥቂት ቆይቶም ዛሬ በየስቱዲዮው የሚታየውን ዓይነት አቀረበ።

ስሌቱ አናጢ ቤት ቆሞ የሚሠራ ነው። ከራሱና ከ1 በቀር የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ይመረጣል፤ 7 እንበል። ከ0 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ይባዛሉ፦ 0፣ 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25፣ 36። እነዚህ ለ7 ሲካፈሉ የሚተርፈው 0፣ 1፣ 4፣ 2፣ 2፣ 4፣ 1 ነው። የሰባቱ ጎድጓዶች ጥልቀት በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል። በታኙ ከ1000 ሄርዝ ጀምሮ እንዲሠራ ከተፈለገ የዚያ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ14 ማለትም ለ7 እጥፍ ሲካፈል 2.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል። እንግዲህ የጎድጓዶቹ ጥልቀት 0፣ 2.5፣ 10፣ 5፣ 5፣ 10 እና 2.5 ሳንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። የእያንዳንዱ ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን እስከ 3400 ሄርዝ ገደማ በስሌቱ መሠረት ይሠራል፤ የሰው ድምፅና የማሲንቆ ቀጫጭን ድምፆች ጉልህ ክፍል በዚህ መሐል ይወድቃል።

ጎኑን ከጣውላ፣ በጎድጓዶቹ መካከል የሚቆሙትን ከፋዮች ከስስ ኮምፔንሳቶ ማሠራት ይቻላል። ከፋዮቹን መተው አይገባም፤ ድምፁ ከአንዱ ጎድጓድ ወደ ጎረቤቱ ካመለጠ ስሌቱ ይፈርሳል። መጋጠሚያው ሁሉ በኮላ ይደፈን፣ ፊቱም ቫርኒሽ ይቀባ፤ ስንጥቅና ያልተቀባ እንጨት ድምፅ ይውጣል። ሲቆም ጎድጓዶቹ ከላይ ወደ ታች ይሁኑ፤ ያኔ ድምፁ ወደ ግራና ቀኝ ይበተናል። ይህን ያህል ለመድከም ጊዜ የሌለው ሰው መጽሐፎቹን ገባ ወጣ አድርጎ የደረደረበት መደርደሪያ ስሌት ባይኖረውም ከባዶ ግድግዳ በእጅጉ ይሻላል።

የበታኙ ቦታ ከአድማጩ በስተጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ርቀት ይፈልጋል፤ የተበተነው ድምፅ ጆሮ ሳይደርስ መዋሃድ ስላለበት በበታኙና በራስዎ መካከል ቢያንስ 1 ሜትር ይኑር። ክፍሉ 3 በ4 ከሆነ ይህ ይገኛል። 2 ሜትር ከግማሽ በሆነ ክፍል ውስጥ ግን ገንዘቡ ባይወጣበት ይሻላል፤ እዚያ ወፍራም ድምፅ መጣጭ ይቀድማል። በስፒከሩና በአድማጩ መካከል ባለው የጎን ግድግዳ ላይም ቢሆን እኔ የምመርጠው በሮክዉል ወይም በጥጥ የተሞላ ወፈር ያለ ፍሬም ነው።

ባስ ሌላ ጣጣ ነው። 4 ሜትር የሚረዝም ክፍል 43 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ራሱ ያጎላዋል፤ ከበሮው አንድ ጥግ ላይ ይጮኻል፣ መሐል ላይ ይጠፋል። ያንን ለመበተን የሚበቃ ጥልቀት ያለው እንጨት ክፍሉን ራሱን ይበላዋል፤ ስለዚህ ማዕዘኖቹን በወፍራም መጣጭ መሙላት ነው። በጅማ መንገድ የሚያልፈውን የጭነት መኪናም ሆነ ሐምሌ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ዝናብ ዲፊዩዘር አያስቀርም። ክብ ቤት ያገኘ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ ወደ ውስጥ የጎበጠ ግድግዳ ድምፁን አንድ ቦታ ላይ ይሰበስባል፣ በታኝ ከማንም በላይ የሚያስፈልገውም ለእሱ ነው።

ተከራይ ከሆኑ በታኙን ግድግዳው ላይ አያጣብቁት። አናጢው ከሞራሌ እግር ይሥራለት፤ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ቋሚ ሆኖ ሁለት ወይም ሦስቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ። የዘፋኝ ድምፅ ሲቀዳ ከዘፋኙ ኋላ፣ ሚክስ ሲሠራ ከወንበርዎ ኋላ ያዞሩታል፤ አከራዩ ኪራይ ጨምሮ ቤት ሲቀየርም ከፍራሹ ጋር አብሮ ይጫናል።