«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት



አያቴ ከመስጂድ ሲመለሱ ትከሻቸው ከበሩ መቃን ጋር ይጋጭ ጀመር። «እርጅና ነው» ተባለ። ፊት ለፊታቸው ያለውን ሰው አጥርተው ስለሚለዩ ማንም አልጠረጠረም። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ የአንዱ ዓይናቸው ብርሃን ጠፍቶ ነበር፤ ግላኮማ ነው።

ግላኮማ ከዓይን ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሰውን ነርቭ ይጎዳል። ነርቩ አንድ ሚሊዮን ገደማ ክሮች አሉት። አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ሳይኖረው እይታን ከዳር ከዳር ይቀንሳል፤ የሞተ ክርም አይመለስም። ሕክምናው የቀረውን ለማትረፍ ብቻ ነው። የዓይን ግፊት መለካት ይረዳል፤ ግን ግፊታቸው ጤናማ እየሆነም የሚታመሙ አሉ።

ኦሲቲ የሚባለው መሣሪያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ሲሆን አሠራሩ አልትራሳውንድን ይመስላል፤ በድምፅ ፈንታ ደካማ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይጠቀማል። ብርሃን ግን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ከሬቲና ነጥሮ የሚመለስበትን ጊዜ በቀጥታ መቁጠር አይቻልም። መላው (እኔን የማረከኝ ይህ ነው) ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወደ ዓይን፣ ሌላውን ወደ መስታወት መላክ ነው። ሲገናኙ ፊዚክስ ላይ የተማርነው ኢንተርፈረንስ ይፈጠራል፤ ከእሱ የእያንዳንዱ ንጣፍ ጥልቀት ይሰላል። የነርቭ ክሮቹ ንጣፍ በጤነኛ ዓይን በአማካይ 100 ማይክሮሜትር ገደማ፣ የአንድ ጸጉር ያህል ነው። ሲሳሳ ብዙ ጊዜ ሰውየው ሳይታወቀው ምስሉ ላይ ይታያል።

ውጤቱ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ይታተማል። ቀይ ያየ ሰው ይደነግጣል። ቀይ ማለት ግን «ታመሃል» ማለት ሳይሆን፣ አምራቹ ከለካቸው ጤነኞች አንጻር ንጣፍህ ቀጭን ነው ማለት ነው። ከሩቅ ማየት በጣም የሚቸገር፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርግ ሰው ሳይታመም ቀይ ሊወጣለት ይችላል። በተቃራኒው አረንጓዴ ውስጥ ሆኖ እየሳሳ የሚሄድም አለ። ስለዚህ አንድ ምስል ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከዓመት በኋላ ከራሱ ከሰውየው የቀድሞ ምስል ጋር ሲነጻጸር ነው። ፍርዱም የማሽኑ ሳይሆን ነርቩን፣ ግፊቱንና የእይታ ስፋቱን አብሮ የሚያየው ሐኪም ነው።

ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ በተለይ ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው ይታይ። ለዓይን ማሳከክ ብለን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የምንጨምረው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታም ግፊት ይጨምራል፤ ይህ እኛንም ወጣቶቹን ይመለከታል። ኦሲቲ በአቅራቢያችሁ ከሌለ የተለመደው የዓይን ምርመራ አይዘግይ።

አባቴ «ምንም አላመመኝም» ይላሉ። ለዒድ ቤት ስሄድ ይዣቸው እሄዳለሁ፤ የመጀመሪያ ምስላቸው ካርዳቸው ውስጥ ይቀመጥ ብዬ ነው፣ ኢንሻአላህ።