ዝምተኛው አሜሪካዊና የእርዳታ ካባ

በጦርነት በታመሰ አገር የሚሠራ የውጭ እርዳታ ሠራተኛ በልብ ወለድ ሲሣል ብዙውን ጊዜ ወይ ቅዱስ ነው፣ ወይ ሰላይ። እንግሊዛዊው ግራሃም ግሪን እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳተመው «ዝምተኛው አሜሪካዊ» ግን ሌላ ዓይነት ሰው ያሳየናል፤ ከልቡ ሊረዳ መጥቶ በዚያው ቅንነቱ ሰው የሚያስፈጅ።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ፈረንሳይ ከቬትሚን ጋር በምትዋጋበት ዘመን፣ በሳይጎን ነው። ግሪን ጦርነቱን በጋዜጠኛነት ተመላልሶ ስላየው ከተማውን ያውቀዋል። ወጣቱ አልደን ፓይል ለወጉ የአሜሪካ የኢኮኖሚ እርዳታ ሚሲዮን ባልደረባ ነው። ዓላማው ግን ከቅኝ ገዢውም ከኮሙኒስቱም ያልወገነ «ሦስተኛ ኃይል» መፍጠር ሲሆን፣ ለዚህ የመረጠው ሰው ጄኔራል ቴ የተባለ ሽፍታ የጦር አለቃ ነው። ሐሳቡን የቀዳው ከዮርክ ሃርዲንግ መጻሕፍት ነው። ይህ በደራሲው ምናብ የተፈጠረ ምሁር አገሩን ያየው ከባንኮክ ወደ ቶኪዮ ሲያልፍ ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነበር!

የመጽሐፉ ልብ አንጠልጣይነት የሚመነጨው ከአቀማመጡ ነው። ፓይል መገደሉን ገና ከመጀመሪያው እናውቃለን። ስለዚህ አንባቢን የሚይዘው «ይሞት ይሆን?» የሚለው ሳይሆን «ምን አድርጎ ነው የተገደለው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ተራኪው ጋዜጠኛ ፋውለር ፍንጮቹን አንድ በአንድ ይለቅማል፤ በመጋዘን የታየ በርሜል፣ በብስክሌት ላይ የተጠመደ ፈንጂ፣ በመጨረሻም በከተማው አደባባይ የፈነዳ ቦምብ። ሴቶችና ሕፃናት ባለቁበት በዚያ ቦታ ፓይልን የሚያስጨንቀው በጫማው ላይ ያረፈው ደም ነው።

ይህ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 1952 በሳይጎን መሀል በእርግጥ ቦምብ ፈንድቶ ሰው አልቋል፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ድርጊቱን ከጄኔራል ትሪን ሚን ቴ ጋር ያያይዙታል። የአሜሪካ እጅ ነበረበት የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የሆሊውድ ፊልም ታሪኩን ገልብጦ አሜሪካዊውን ንጹሕ አደረገው፤ ግሪንም ክፉኛ ተቆጣ። ለመጽሐፉ የቀረበው ሁለተኛው ፊልም ደግሞ ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላ ዘግይቶ በ2002 ነበር ለሕዝብ የታየው።

ውድ አንባቢያን፣ በእኔ የምህንድስና ሙያ አፈሩ ሳይመረመር የድልድይ መሠረት አይጣልም። ፓይል ንድፍ ነበረው፣ ገንዘብ ነበረው፣ ቅን ልብም ነበረው። ያልነበረው አፈሩን የመመርመር ትዕግሥት ነው። ከሰውም ዘንድ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

እኛስ? ከዋሽንግተንና ከስቶክሆልም ሆነን ለአገር ቤት ጦርነት መፍትሔ የምንነድፍ፣ አዋጣን ብለን የምንልክ፣ በርቱ የምንል፣ ከፓይል ይልቅ ለሃርዲንግ እንቀርባለን። የሃርዲንግ ጫማ ደም አልነካውም፤ ሐሳቡ ግን አደባባዩ ላይ ነበር። ንድፉ ሲፈርስ የሚቀበረው ነዳፊው አይደለምና፣ ብዕር ከማንሳታችን በፊት እዚያ ያለውን ሰው እንጠይቅ።