በአር ቢ አይ ቤዝቦል ብርቱ ወርዋሪን የማሸነፍ ስልት

አር ቢ አይ ቤዝቦል የጃፓኑ ናምኮ ኩባንያ የሠራው የቆየ የቪዲዮ ጌም ነው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1986 «ፋሚሊ ስታዲየም» በሚል ስም ወጣ። በ1988 ደግሞ ቴንገን የተባለ ኩባንያ ለኒንቴንዶ መጫወቻ አዘጋጅቶ በአሜሪካ ለገበያ አቀረበው። በጌሙ ውስጥ ለብዙ ተጫዋቾች ከባዱ ፈተና ኳሱን በከፍተኛ ፍጥነት የሚወረውር ወይም አብዝቶ የሚያጥፍ ወርዋሪ ነው። እንዲህ ያለው ወርዋሪ የሚረታው ከጉልበት ይልቅ በትዕግሥት ነው።

የጨዋታው መሠረት

ቤዝቦል እንደ ገና ጨዋታ ኳስ በዱላ የሚመታበት ስፖርት ነው። ሆኖም በገና ጨዋታ ሁለቱ ወገኖች ሩሩን በአንድነት ሲሻሙ፣ በቤዝቦል አንድ መቺ ከአንድ ወርዋሪ ጋር ይፋጠጣል። መቺው ዱላውን ሰንዝሮ ኳሱን ሲስት፣ ወይም በትክክለኛው ቦታ ያለፈን ኳስ ሳይመታ ሲቀር «ስትራይክ» ይቆጠርበታል፤ ሦስት ሲሞላ ይወጣል። ከቦታው ውጪ የተወረወረና መቺው ያልሰነዘረበት ኳስ «ቦል» ይባላል፤ አራት ቦል ያገኘ መቺ ያለ ምት ወደ አንደኛው ቤዝ ያልፋል።

በጌሙ ወርዋሪውን የሚመራው ሰው ኳሱ ከእጅ ከወጣ በኋላም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሊያጥፈው ይችላል። የወርዋሪዎቹ ፍጥነት፣ ኳስ የማጠፍ ችሎታና ጽናት በፕሮግራሙ ውስጥ በቁጥር ተቀምጠዋል።

ታዋቂ ወርዋሪዎች

ጌሙ የተጫዋቾች ማኅበርን ፈቃድ ስላገኘ እውነተኛ የተጫዋቾች ስም ይዟል፤ ቡድኖቹ ግን የሚጠሩት በከተማቸው ወይም በግዛታቸው ስም ብቻ ነው። ለሂዩስተን የሚሰለፈው ኖላን ራያን በሙያ ዘመኑ 5,714 መቺዎችን በስትራይክ በማስወጣት ክብረ ወሰን ይዟል። የቡድን ጓደኛው ማይክ ስኮት በ1986 ብቻ 306 አስወጥቷል። የቦስተኑ ሮጀር ክሌመንስ በዚያው ዓመት በአንድ ጨዋታ 20 መቺዎችን በስትራይክ አስወጥቷል።

የማሸነፊያ ስልቶች

አቋቋም፦ መቺው በተፈቀደለት ሳጥን ውስጥ ቦታ መቀየር ይችላል። ኳሱ ፈጣን ከሆነ ወደ ኋላ ፈቀቅ ማለት ጥቂት ጊዜ ይሰጣል። ወርዋሪው ኳስ የሚያጥፍ ከሆነ ወደ ፊት መጠጋት ኳሱ ብዙ ሳይታጠፍ ለማግኘት ይረዳል። በአንድ ቦታ ተተክሎ መቆም ግን ለባላጋራው የት እንደሚወረውር ይነግረዋል።

አለመቸኮል፦ ብርቱ ወርዋሪ ፈጣን ኳስ ደጋግሞ ካሳየ በኋላ ዝግ ብሎ የሚመጣና መቺው ዘንድ ሲደርስ ወደ መሬት የሚወርድ ኳስ ይወረውራል። ፈጣን የጠበቀ መቺ ቀድሞ ይሰነዝርና ይስታል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ኳሶች የወርዋሪውን ልማድ ማጥናት ይመረጣል።

ማድከም፦ ዋናው ስልት ይህ ነው። ወርዋሪው በወረወረ ቁጥር ጽናቱ ይቀንሳል፤ ሲደክም ኳሱ ይዘገያል፣ መታጠፉም ያንሳል። ሁለት ስትራይክ ያለበት መቺ ዱላውን በሙሉ ሰንዝሮ ኳሱን ከመስመር ውጪ ቢያወጣው አይወጣም፤ ወርዋሪው ግን እንደገና ለመወርወር ይገደዳል። ነጥብ ያላስገኘ ረጅም ፍልሚያም ቢሆን ለቀጣዮቹ መቺዎች መንገድ ይጠርጋል።

ሯጭን መጠቀም፦ ኃይለኛ ምት በማይገኝበት ጊዜ ኳሱን በዱላ ነካ አድርጎ ብቻ ወደ ሜዳ መጣልና ፈጣን ሯጭን ወደ ቤዝ ማድረስ ይቻላል። የሴንት ሉዊሱ ቪንስ ኮልማን በዚህ ጌም በሯጭነቱ ይታወቃል። እውነተኛው ኮልማን ከ1985 እስከ 1987 በየዓመቱ ከ100 በላይ ቤዝ ሰርቋል፤ ቤዝ መስረቅ ማለት ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ወደሚቀጥለው ቤዝ መድረስ ነው።

የባላጋራው ውሳኔ

ወርዋሪው ሲደክም ባላጋራው ከባድ ምርጫ ይገጥመዋል። ካቆየው ኳሱ ለመመታት ይቀላል፤ ከቀየረው ደግሞ የወጣው ወርዋሪ በዚያ ጨዋታ ተመልሶ አይገባም። ለታጋሽ መቺ ብዙ ጊዜ ነጥብ የሚገኘው ባላጋራው በዚህ መካከል ሲያመነታ ነው።