ልጆችንና ቤተ ሰብን በእጅ ሥራና በጨዋታ ጸሎት ስለ ማስተማር
(በወልቂጤና በአካባቢዋ)

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዚች ከተማ የዕረፍት ጊዜያችንን ስናሳልፍ፥ በአንድ ዘመዳችን ቤት ዕድሜው ሰባት ዓመት የሚሆን ልጅ ከምሳ በፊት ቆሞ «አቡነ ዘበሰማያት» የተባለውን ጸሎት አንድ ቃል ሳይስት እስከ መጨረሻው ደገመው። አያቱም ደስ ብሏቸው መረቁት። እኛ ግን «ጎበዝ! ለመሆኑ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ምን ማለት ነው?» ብለን ብንጠይቀው፥ ምንም ሳያመነታ «ጳጳስ ናቸው» ሲል መለሰልን።

በቤቱ የነበረው ሰው ሁሉ ሣቀ። ይሁን እንጂ ነገሩን በኋላ ስናስበው የሚያሥቅ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። ልጁ በበኩሉ በሚገባ አስቧል፤ «አቡነ» የሚለውን ቃል የሰማው በጳጳሳት ስም ፊት ነውና። ቃሉ በግዕዝ «አባታችን» ማለት እንደ ሆነ የነገረው ሰው አልነበረም። እንግዲህ ይህ ልጅ ማታና ጧት ይናገር የነበረው ከአባቱ ጋር ሳይሆን ከማያውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው ጋር ነበር ማለት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ፥ ጸሎትን ለልጆችና ለቤተ ሰባቸው በእጅ ሥራ፥ በሥዕልና በጨዋታ ማስተማር እንዴት እንደሚቻልና ለዚሁም የአገራችን ልማድ ምን እንዳዘጋጀልን ለመግለጽ እንሞክራለን።

ሀ) ነባሩ ትምህርት

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጅ በመጀመሪያ ፊደል ይቈጥራል፤ ቀጥሎም በመልእክተ ዮሐንስ ንባብን ይለማመዳል፤ በመጨረሻም 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይደግማል። የዘወትር ጸሎትንና ውዳሴ ማርያምን የሚያጠናው ከየኔታ አፍ እየተቀበለ ነው። ይህ የቃል ትምህርት ብዙ ጊዜ ይነቀፋል፤ እኛ ግን ከነቃፊዎቹ ጋር አንተባበርም። በሕፃንነት በቃል የተያዘ ጸሎት ሰው በታመመ፥ በተሰደደና ባዘነ ጊዜ ሳይፈልገው ወደ አፉ ይመጣል። በቃል መያዝ ጎተራ እንደ መሙላት ነው። ጉድለቱ የጎተራው በር ሳይከፈት መቅረቱ ነው።

በወልቂጤ አካባቢ በሩን የሚከብደው ሌላም ምክንያት አለ። ልጁ ጸሎቱን የሚደግመው በግዕዝ ነው፤ በከተማው መንገድ የሚነጋገረው በአማርኛ ነው፤ በብዙ ቤቶች ደግሞ እናትና አያት የሚያባብሉት በጉራግኛ ነው። ሦስቱን ቋንቋዎች የሚያገናኝለት ሰው ካላገኘ፥ ጸሎቱ ከቤቱ ኑሮ ተለይቶ ይቀራል። ከዚህም በላይ ብዙ አባቶች ለንግድ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ስለሚሄዱ፥ የቤቱ መምህር እናት ወይም አያት ናት። ስለዚህ ልጁን ብቻ ሳይሆን ቤተ ሰቡን በሙሉ ማሰብ ግድ ይሆናል።

ለ) በጨዋታ ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም

አንዳንድ ሰዎች «ጨዋታና ጸሎት ምን አገናኛቸው?» ይላሉ። ነገር ግን ቅዱስ ሄሮኒሞስ በ403 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ገደማ ሌታ ለምትባል ሮማዊት እናት በጻፈላት መልእክት፥ ለልጇ ከእንጨት ወይም ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ፊደሎች ሰጥታ እያጫወተች እንድታስተምራት መክሯል፤ በዚያው መልእክት ልጅቱ በየሰዓቱ ጸሎት እንድትለምድ ያሳስባል። በኛም ዘመን አቅራቢያ በ1954 (እ.ኤ.አ.) ሶፊያ ካቫሌቲና ጃና ጎቢ በሮም ከተማ የሞንቴሶሪን ዘዴ ተከትለው፥ ልጆች በእጃቸው በሚዳስሷቸው ነገሮች አማካይነት ወደ ጸሎት የሚደርሱበትን ትምህርት ጀምረዋል።

ወደ አገራችንም ብንመለስ፥ ከበሮውና ጸናጽሉ፥ የካህናት ወረብና የግድግዳው ሥዕል ሁሉ የሚያሳየው፥ ቤተ ክርስቲያናችን በአፍ ብቻ ሳይሆን በእጅ፥ በእግርና በዐይንም እንደምትጸልይ ነው። ስለዚህ እኛ የምንለው ከሌላ አገር ዘዴ እንቅዳ ሳይሆን፥ በቤታችን ያለውን እናስተውለው ነው።

ሐ) ለቤት የሚሆኑ አምስት ሥራዎች

1ኛ፤ ማማተብ። ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ጸሎት ይኸው ነው። እጁ ከግንባሩ ወደ ደረቱ ሲወርድ ጌታ ከሰማይ ወደ ምድር መውረዱን፥ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሻገር እኛን ከጨለማ ወደ ብርሃን ማሻገሩን እየነገሩት ቀስ ብሎ እንዲያማትብ ማድረግ ይገባል። እየተቻኰለ ሲያማትብ ዝንብ የሚከለክል የሚመስለው ልጅ፥ ትርጉሙን ካወቀ ወዲህ እጁ ይረጋል።

2ኛ፤ መቁጠሪያ መሥራት። እንሰት ባለበት አገር ቃጫ አይጠፋም። ለትንንሾቹ ከቃጫ ገመድ ላይ ሰባት ቋጠሮ እንዲቋጥሩ ማድረግ ይበቃል፤ ይኸውም ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ለተባሉት ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ነው። ከፍ ያሉት 41 ቋጠሮ ያለውን ይሠራሉ። ካቶሊኮች ቤተ ሰቦች በዚሁ ቃጫ አምስት ዐሥርት ያለውን የራሳቸውን መቁጠሪያ ሊሠሩ ይችላሉ። ልጅ በገዛ እጁ የቋጠረውን መቁጠሪያ አይጥለውም።

3ኛ፤ ሥዕል። የጌታን ጸሎት በየልመናው ከፍሎ ለያንዳንዱ አንድ ሥዕል በከሰል ወይም በቀለም ማሣል። ከላይ ያነሣነው ልጅ ስለ ዕለት ምግብ የሚለምነውን ክፍል ሲሥል ቆጮና ጎመን ሣለና «ይኸንንም እግዚአብሔር ነው የሚሰጠን?» ብሎ አያቱን ጠየቃቸው። አያቱም ነገሩን በጉራግኛ አስረዱት። የመጀመሪያውን ክፍል ሲሥል ደግሞ ጳጳስ አልሣለም፤ አዲስ አበባ የሚኖረውን አባቱን ሣለ።

4ኛ፤ የቡሄ ምርቃት። ነሐሴ 13 ቀን ለደብረ ታቦር በዓል ልጆች እየዘፈኑ ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩና ሙልሙል ሲቀበሉ፥ በመጨረሻ የቤቱን ጌቶች ይመርቃሉ። ምርቃት ስለ ሌላ ሰው የሚቀርብ ልመና ስለ ሆነ፥ ልጆቹ ሳያውቁት ይጸልያሉ ማለት ነው። አንዱ ያወጣል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ቤተ ሰብ ይኸንኑ ሥርዐት በየሳምንቱ አንድ ማታ ከቡና በኋላ ቢይዘው፥ ልጁ ለታመመው ጎረቤት፥ ለመምህሩና ለመንገደኛው በራሱ ቃል መለመን ይለምዳል፤ «አሜን» ማለትም ምን እንደ ሆነ ያውቃል።

5ኛ፤ ችቦ ማሠር። የመስቀል በዓል በ2013 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ መዝገብ የገባ የዓለም ቅርስ ነው፤ ለጉራጌ ደግሞ ተበታትኖ የከረመው ቤተ ሰብ ሁሉ የሚገናኝበት ነው። ደንጌሳት በተባለው ምሽት ልጆች የራሳቸውን እሳት ያነዳሉ። እያንዳንዱ ልጅ ችቦውን ራሱ ቢያሥርና ከመለኰሱ በፊት አንድ የምስጋና ነገርና የአንድ ያልመጣ ዘመድ ስም ቢጠራ፥ እሳቱ ለልጁ የጸሎት ትምህርት ይሆነዋል።

መ) ጥንቃቄ

ጸሎት የውድድር ነገር ሲሆን ይበላሻል። «ማን ቀድሞ ደገመ?» ብሎ ሽልማት መስጠት፥ ጌታ ለመታየት ስለሚጸልዩ ሰዎች የተናገረውን ተግሣጽ በልጆች ላይ ማምጣት ነው። ሁለተኛ፥ ሥራው የጸሎቱን ቦታ እንዳይወስድ ያስፈልጋል፤ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ መቆም ይገባል። ሦስተኛ፥ በወልቂጤ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ግቢ፥ በአንድ ዕድር ይኖራል። የጎረቤት ልጅ አብሮ ሊጫወት ቢመጣ በደስታ እንቀበለው፤ ሃይማኖትን በሚመለከተው ግን የወላጆቹን ፈቃድ ማክበር አለብን። ጎረቤቱን እየናቀ የሚጸልይ ልጅ ጸሎትን አልተማረም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ለገለጽነው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቃጫ፥ ከሰል፥ ችቦና አንድ የቡና ሰዓት ይበቃል። የሚጠይቀው፥ ትልልቆቹ ራሳቸው የሚደግሙትን ጸሎት ትርጉም እንዲያውቁ ነው። የልጁን መልስ ሰምተን በሣቅን ቀን ማታ፥ አያቱ ቀስ ብለው ወደ እኛ ቀርበው «ልጆቼ፥ እኔም እኮ አንዳንዱን ቃል ምን እንደ ሆነ ጠይቄ አላውቅም» አሉን። ደቀ መዛሙርቱ ጸሎትን አስተምረን ብለው ጌታን የለመኑት ትልልቅ ሰዎች ሆነው ሳለ ነው። የተማርን ሰዎች ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ፥ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን ቃጫ ብንቋጥር፥ የአያቶቻችንን ጥያቄ ልንሰማ የምንችልበት ጊዜ ያ ነው ብለን እናምናለን።