የሱሉልታ ቁልቁለትና የቤርጋሞው ፍሬን ሠሪ

ከሱሉልታ ተነሥቶ በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማ በሚወርድ መኪና የተሳፈረ ተማሪ ሁሉ ያንን የሚሰነፍጥ ሽታ ያውቀዋል። የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነው። ተሳፋሪው መስኮት ይከፍታል፤ ሹፌሩ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ይመልሳል፤ ወሬውም ይቀጥላል። የዚህች ጽሑፍ ዓላማ ያ ሽታ ከምን እንደሚመጣ፥ ከእርሱም ጋራ በመታገል አንድ ትንሽ የብረት መሥሪያ ቤት እንዴት ዓለም ያወቀው ፋብሪካ ለመሆን እንደ በቃ ማስረዳት ነው።

አስቀድመን ሒሳቡን እንሥራ። 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ፍጥነቱን ሳይጨምር 400 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ቢወርድ፥ መያዝ ያለበት ጉልበት 39 ሚሊዮን ጁል ያኽላል። ይህ ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ሙቀት ይሆናል። ፍሬኑ ብቻውን የተሸከመው እንደሆነ፥ ከ130 ሊትር የሚበልጥ ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ የሚያደርስ ሙቀት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በእነዚያ ጥቂት ብረቶች ላይ ያርፋል ማለት ነው። ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ይወረድ የሚባለውም ስለዚህ ነው፤ ሞተሩ ከሸክሙ ድርሻውን እንዲያነሣ።

የአገራችን ከፍታ ደግሞ የራሱን ጣጣ ይጨምራል። በብዙ ትንንሽ የቤንዚን መኪናዎች ላይ እግራችንን የሚያግዘው መሣሪያ ጉልበቱን የሚያገኘው ከከባቢው አየር ግፊት ነው። በአዲስ አበባ ይህ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያኽል ያነሰ ስለሆነ እገዛውም ያንሳል። ስስ አየር የጋለ ብረት ለማቀዝቀዝም ደካማ ነው። የፍሬን ዘይት በበኩሉ በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጠው ባዶ ይሆንበታል። «ፍሬን በጠሰ» ከምንላቸው አደጋዎች መካከል ምንም የተበጠሰ ነገር የሌለባቸው አሉ።

አሁን ወደ ኢጣልያ እንሻገር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1961 ኤሚሊዮ ቦምባሴይ የተባለ ሰው ከቤተ ዘመዱ ጋራ ሆኖ ቤርጋሞ አጠገብ፥ ፓላዲና በምትባል ስፍራ አንድ የሜካኒክ ሥራ ቤት ከፈተ። ብሬምቦ ይሉታል። የዕለት እንጀራው ለሌሎች ፋብሪካዎች፥ በተለይም ለአልፋ ሮሜዮ፥ ብረት መቁረጥና መላግ ነበረ። ያን ጊዜ ኢጣልያ የዲስክ ፍሬን የምታስመጣው ከእንግሊዝ አገር ነው። ኩባንያው ስለ ራሱ እንደሚተርከው፥ ዲስክ ጭኖ ይመጣ የነበረ መኪና አደጋ ደርሶበት የተጎዱት ዲስኮች እንዲታደሱ ወደዚያ ሥራ ቤት ተወሰዱ፤ ሠራተኞቹም ሲያገላብጡ «ይህንንማ እኛስ መሥራት ያቅተናል?» ወደሚለው አሳብ ደረሱ። በ1964 የራሳቸውን ዲስክ ለመለዋወጫ ገበያ አቀረቡ።

እኔ ከታሪኩ ሁሉ የማደንቀው ይህን ምርጫ ነው። ሙሉ መኪና ለመሥራት አልተመኙም፤ የሚያልቅና የሚለወጥ፥ ስለዚህም ሁልጊዜ ገዢ የማያጣ አንድ ክብ ብረት መረጡ። በ1972 ለሞቶ ጉዚ ሞተር ብስክሌቶች ፍሬን አቀረቡ። በ1975 ፌራሪ ለእሽቅድምድም መኪናዎቹ ጠራቸው። እሽቅድምድም ለእነርሱ ማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን ፈተና ቤት ሆነላቸው፤ ተራ መኪና በወራት የሚያሳየውን ጉድለት የውድድር መኪና በአንድ እሑድ ያጋልጠዋልና። በኋላም የራሳቸውን ብረት ማቅለጫ ያዙ፤ በ1995 ወደ ሚላኖ የአክሲዮን ገበያ ገቡ፤ በ2000 ኤፒ ሬሲንግ የተባለውን የእንግሊዝ ፍሬን ሠሪ ገዙ። ዛሬ ሠራተኞቻቸው ከ15 ሺህ ይበልጣሉ።

የእኛ ጋራዦች ቋንቋ ደግሞ እስከ ዛሬ ኢጣልያንኛ ነው፤ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ባሌስትራ፥ ማርሚታ፥ ካንዴላ፥ ቶርኖ። ቃሉን ከወረስን ብዙ ዘመን ሆነ፤ ዕቃውን ግን አሁንም በአብዛኛው ከሱማሌ ተራ የምንገዛው ከውጭ የመጣውን ነው።

የጅማን፥ የአምቦንና የጎጃምን መንገድ የያዙት ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2022 ጀምሮ በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። በእነዚህ መንገዶች የሚያልፍ ጭነት ሁሉ ፍሬን ይበላል። ታዲያ ዲስክ እዚያው ቢሠራ ምን ይከለክላል? ብረቱ ተራ ግራጫ ስብርባሪ የሚቀልጥበት ነው፤ ቶርኖውም አለ። ችግሩ ልኩ ላይ ነው። ዲስክ ሲሽከረከር ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወላገደ እግር ላይ ይታወቃል። አንዱን እንደዚህ አሳምሮ የሚልግ ባለሙያ አይጠፋም፤ ሺሁን ሁሉ አንድ ዓይነት ለማድረግ ግን የቀለጠውን ብረት የሚመረምር፥ የሚለካና የተበላሸውን ሳይራራ የሚጥል ሰው ያስፈልጋል። አንባቢ ጓደኛዬ፥ ይህ የእኔና የአንተ፥ የእኅቶቻችንም ትምህርት ነው። እስከዚያው ያረጀ ዲስክ ለማስላግ የሄደ ሰው በዲስኩ ላይ የተጻፈውን ትንሹን ውፍረት ያንብብ፤ ከዚያ በታች የሳሳ ዲስክ ቢያብረቀርቅም ሙቀት አይችልም።

በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ «የኤሌክትሪክ መኪና በሞተሩ ስለሚቆም ፍሬን ቀረ» የሚሉ አሉ። እውነት አለው፤ ሞተሩ ቁልቁለቱን ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ነገር ግን ሱሉልታ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው ያን ጉልበት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ መኪናውም በባትሪው ምክንያት ከቀድሞው ይከብዳል። ያን ጊዜ የሚይዘው ያው ዲስክ ነው።