ስንት ገጽ አለው? አሮጌ ሌንሶች በቦረና ፀሐይ

ከያቤሎ ወደ ሜጋ ሲወርዱ ዱብሉቅ ላይ ከቦረና ዘጠኙ የቱላ ኤላዎች (ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች) አንዱ ይገኛል። ከላይ ሰማዩ ዓይን ይወጋል፤ ከታች ደግሞ ሰዎች ከፍና ዝቅ ብለው ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ የሚቀባበሉበት ጉድጓድ ጨለማ ነው። ሁለቱን በአንድ ፎቶ ማስገባት ማንኛውንም ሌንስ ይፈትናል። የጥንት ሌንሶችን ጠባይ ለይቶ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ይህን አገር በአሮጌ ሌንስ ዘመን ካዩት አንዱ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ተወለደ፤ በ1934 ላይካ ሁለት ካሜራ ገዝቶ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ተገለገለበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1959 በቅሎ ጭኖ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ እስከ ኬንያ ድንበር ወርዷል። ከ38,000 የሚበልጡ ኔጋቲቮቹ ዛሬ ኦክስፎርድ ከተማ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠዋል።

ላይካ ሁለት በ1932 ሲወጣ አዲስ ነገሩ ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ርቀት መለኪያው ነበር። ሬንጅ ፋይንደር የሚባለው ይህ ዓይነት ካሜራ በሌንሱ ውስጥ አያሳይም። ፊቱ ላይ ሁለት ትናንሽ መስኮቶች አሉት፤ ሁለቱም ያንኑ ነገር ከትንሽ ርቀት ልዩነት ያዩታልና ምስሉ ድርብ ሆኖ ይታያል። ግራና ቀኝ ዓይናችንን በየተራ ስንጨፍን ጣታችን ቦታ የሚቀይር እንደሚመስለን ማለት ነው። ሌንሱ ሲዞር ውስጥ ያለ ክንድ ይገፋል፣ ሁለቱ ምስሎች ይቀራረባሉ፣ ሲገጥሙ ትኩረቱ ተስተካክሏል። በመስኮቶቹ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ መጠን ልኬቱ ይጠራል፤ የመጀመሪያዎቹ ላይካዎች 4 ሴንቲ ሜትር ግድም ሲኖራቸው በ1936 የወጣው ኮንታክስ ሁለት 9 ሴንቲ ሜትር ነበረው። ያም ሆኖ ዘዴው ለረጅም ሌንስ አይበጅም፤ ከ135 ሚሊ ሜትር በላይ እምነት አይጣልበትም። ሞልቶኒ የተባለው ጣሊያናዊ በ1938 ለሳይንስ ያስተዋወቀውን፣ ከያቤሎና ከሜጋ አካባቢ በቀር በዓለም የትም የማይገኘውን የቁራ ዘመድ ወፍ ለማንሳት ለሚመጣ ሰው ይህን ካሜራ አልመክርም።

ለሌንስ ቀያሾች ግን ሬንጅ ፋይንደር ትልቅ ነፃነት ሰጥቷቸዋል። በሌንሱና በፊልሙ መካከል የሚወዛወዝ መስታወት ስለሌለ፣ የኋላውን ብርጭቆ እስከ ፊልሙ አፍንጫ ድረስ ማስጠጋት ይቻላል። በኋላ መስታወት ባላቸው የዜኒትና የኒኮን ዓይነት ካሜራዎች ላይ ቦታ ያጡ ንድፎች እዚህ የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሰብሳቢ ስም ሳይሆን ንድፍ ይሰብስብ እላለሁ። የእያንዳንዱ ንድፍ ታሪክ ደግሞ በአንድ ጥያቄ ይገለጣል፦ ብርሃን ከአየር ወደ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆ ወደ አየር የሚሻገርባቸው ገጾች ስንት ናቸው?

ያልተሸፈነ ብርጭቆ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ከሚደርሰው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። የላይካው ማክስ ቤሬክ የቀየሰው ኤልማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 3.5 (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል) አራት ብርጭቆዎች አሉት፤ ሁለቱ ተጣብቀው ስለሚቆጠሩ ሦስት ቡድን፣ ስድስት ገጽ ይሆናል። በስድስቱ ላይ የሚጠፋው ብርሃን ተደምሮ 22 በመቶ ይደርሳል። በ1933 የመጣው ሱማር ኤፍ 2 ስድስት ብርጭቆ በአራት ቡድን፣ ስምንት ገጽ አለው፤ ኪሳራው ወደ 28 በመቶ ያድጋል። ኪሳራው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ የተመለሰው ብርሃን ከገጽ ገጽ እየነጠረ በመጨረሻ ፊልሙ ላይ ጭጋግ ሆኖ ይወድቃል፣ ጥቁሩንም ግራጫ ያደርገዋል።

ሉድቪግ በርቴሌ ለዘይስ ኩባንያው ኮንታክስ ዞናርን ሲቀይስ ያደረገው እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ኤፍ 1.5 የሚከፈት ሌንስ ከኤልማር ከአምስት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል፤ ለዚህም ሰባት ብርጭቆ አስፈልጎታል። በርቴሌ ግን ሦስት ሦስቱን አጣብቆ ሦስት ቡድን ብቻ አደረጋቸው፤ ስድስት ገጽ ማለት ነው፣ ከትንሹ ኤልማር እኩል። በ1930ዎቹ ዞናር ጠርቶ የሚታየው በዚህ የተነሣ ነበር። ዋጋውም አለ፦ ሲከፈት የምስሉ ጠርዝ ይለሰልሳል፣ ቀዳዳው ሲጠብም የትኩረቱ ቦታ በጥቂቱ ይሸሻል።

መፍትሔው ግን ከንድፍ ውጭ ቆሞ ሲጠብቅ ኖሯል። ባለ ሦስት ብርጭቆውን ትሪፕሌት በ1893 የፈጠረው እንግሊዛዊው ዴኒስ ቴይለር፣ ገጻቸው በእርጅና የወየበ ሌንሶች ከአዲሶቹ የበለጠ ብርሃን እንደሚያሳልፉ አስተውሎ ነበር። በ1935 የዘይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ ይህን በአየር አልባ ክፍል ውስጥ ሆን ብሎ በተቀባ ስስ ሽፋን አሳካው። ሽፋኑ የብርሃኑ ሞገድ ሩብ ያህል፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ ግድም ይወፍራል፤ ከላዩና ከሥሩ የሚመለሱት ሞገዶች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። በማግኒዥየም ፍሎራይድ ሲሠራ የገጹ ኪሳራ ከ4 ወደ 1.4 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ ገጽ መቆጠብ ቀረ። በ1953 የወጣው የላይካ ሱሚክሮን አሥራ ሁለት ገጽ አለው፤ ሽፋን ባይኖር ከሦስት እጅ አንዱን የሚበልጥ ብርሃን ያባክን ነበር።

ታዲያ ያልተሸፈነው ኤልማር በኤላው አፍ ላይ ሲቆም ይሸነፋል? በጥቁርና ነጭ ፊልም ከሆነ፣ አይመስለኝም። ያ ጭጋግ በጨለማው ክፍል ላይ ጥቂት ብርሃን ስለሚጨምር፣ ፊልሙ ጨርሶ ሊያልፈው የነበረውን የውኃ ቀጂውን ትከሻ ይዞ ይወጣል። ፀሐዩ በቀጥታ እንዳይገባ መከለያ ብቻ ይደረግለት።

እኛ አገር ለጀማሪ የሚቀርበው የሶቭየቱ ዝርያ ይመስለኛል። በደርግ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ሶቭየት ኅብረት ተምረዋል፣ ፌድና ዞርኪ የተባሉትን ካሜራዎች፣ ዜኒትንም የሚያስታውስ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቭየቶች የዘይስን መሣሪያ በካሳ ወስደው ኮንታክስን ኪየቭ፣ ዞናርን ዩፒተር ብለው ሠርተዋል፤ ዩፒተር 8 የዞናር ኤፍ 2፣ ዩፒተር 3 የኤፍ 1.5 ልጆች ናቸው። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፦ የላይካ ልኬት በ51.6 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ላይ ሲመሠረት፣ የዩፒተር በ52.4 ላይ ነው። ዩፒተር በዞርኪ ላይ ይስማማል፤ በላይካ ላይ ሲገጠም ሩቁ ይጠራል፣ ከአንድ ሜትር ላይ ያለው ፊት ግን ይስታል። ብዙ ደህና ሌንስ በዚህ የተነሣ ያለ ጥፋቱ «ደካማ» ተብሎ ይጣላል።

የሚገዛ ሰው ከኋላ በባትሪ እያበራ ይመልከተው። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሻጋታ ነው፤ ሽፋኑን ከበላ በማጽዳት አይመለስም። ያቤሎ በአብዛኛው ደረቅ ስለሆነ ለሌንስ ይስማማል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዝናብ ግን በቆዳ ቦርሳ ውስጥ መተው አደገኛ ነው፣ ቆዳው እርጥበት ይይዛልና። ቢጫ የሆነ ብርጭቆ ሲታይ አይደንግጥ። አንዳንድ የመጀመሪያዎቹ ሱሚክሮኖች ቶሪየም በተቀላቀለበት ብርጭቆ ተሠርተዋል፤ የራሱ ጨረር ያጠይመዋል፣ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ደግሞ ለቀናት ሲመታው መልሶ ያነጣዋል።

ያው ፀሐይ ግን ለካሜራው ጠላት ነው። የላይካ፣ የፌድና የዞርኪ መዝጊያ ጎማ የተቀባ ጨርቅ ነው፣ ከፊቱም የሚጋርደው መስታወት የለም። ክዳን የሌለው ሌንስ ወደ ሰማይ ዞሮ ከተቀመጠ ፀሐይዋን ጨርቁ ላይ ሰብስቦ በቅጽበት ይበሳዋል። የኪየቭና የኮንታክስ መዝጊያ ብረት ነውና ይተርፋል። ጨርቅ ያለውን ለመፈተሽ ሌንሱን ፈትቶ፣ ፊልም ሳይኖርበት ከፊት በባትሪ እያበሩ ከኋላ በጨለማ ማየት ነው፤ ብርሃን የሚያሾልክ ነጥብ ከታየ፣ ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ በሚለጠጥ ጥቁር ቀለም ይደፈናል፣ ሰፊ ከሆነ ጨርቁ ይለወጣል።