ሰለባ፦ ከገዳይ መኩሪያነት ወደ ተጎጂ መጠሪያነት የተሻገረ ቃል

«የጦርነት ሰለባ»፣ «የረኀብ ሰለባ»፣ «የአደጋ ሰለባ» የሚሉት አነጋገሮች በጋዜጣና በራዲዮ ዘወትር ይነገራሉ። ሰለባ ሲባል ሁሉም የሚገነዘበው ጉዳት የደረሰበትን ሰው ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ይህን ትርጉም የያዘው ረጅም መንገድ ከተጓዘ በኋላ ነው።

የቃሉ ሥር «ሰለበ» የተሰኘው የግዕዝ ግሥ ሲሆን፣ ፍችውም ገፈፈ፣ ቀማ፣ ዘረፈ ማለት ነው። በዐረብኛም «ሰለብ» የሚባለው በጦር ሜዳ ከወደቀ ጠላት ላይ የሚገፈፈው ልብስና መሣሪያ ነው። በአማርኛ ግሡ የወንድን አባለ ዘር መቁረጥንም ስለሚያመለክት፣ ይህ የደረሰበት ሰው «ስልብ» ይባላል። ከጎተራ እህሉን፣ ከቅሉ ቅቤውን በስውር ይወስዳል ተብሎ የሚታማው «ሰላቢ»ም የዚሁ ሥር ልጅ ነው።

እንግዲህ በቀድሞው አነጋገር ሰለባ ማለት ከሟቹ ላይ የተወሰደው ነገር ነበር። ባለቤቱም ገዳዩ ነበር፤ ለጀግንነቱ ምስክር ይሆነው ዘንድ በአለቃው ፊት ጥሎ ይፎክርበት ነበር። ውሎ አድሮ ግን ስያሜው ከተወሰደው ነገር ወደ ተወሰደበት ሰው ተሻገረ። የላቲኑ «ቪክቲማ» ለመሥዋዕት ከሚታረድ እንስሳ ሲነሣ፣ የእኛው ቃል የተነሣው ከጦር ሜዳ ነው።

በዚህም ምክንያት ሰለባና ተጎጂ ፍጹም አንድ አይደሉም። ተጎጂ ስንል የምናየው ጉዳቱን ነው። ሰለባ ስንል ግን ከሥሩ የወሳጅ እጅ ይታያል፤ ንብረት፣ አካል ወይም ሕይወት ተነጥቋል ማለት ነው።

ቃሉ የተነሣበትን ልማድ ሕግም ከልክሎታል። የጦርነት ሰለባዎችን ለመጠበቅ በ1941 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1949) ከተፈረሙት አራት የዠኔቭ ስምምነቶች የመጀመሪያው፣ በአንቀጽ 15፣ ተፋላሚዎች ቁስለኞችን ፈልገው እንዲያነሡ፣ ከዘረፋ እንዲጠብቁ፣ የሙታንም አስከሬን እንዳይገፈፍ እንዲከላከሉ ያዛል። በሦስተኛው ስምምነት አንቀጽ 18 መሠረት ምርኮኛ መሣሪያውን ያስረክባል እንጂ ልብሱና የግል ዕቃው፣ የራስ ቁሩም ሳይቀር፣ አይወሰድበትም። አራተኛውም በአንቀጽ 33 የሲቪሉን ሕዝብ ንብረት መዝረፍን ይከለክላል። ኢትዮጵያም የእነዚህ ስምምነቶች ተካፋይ ናት።

ስለሆነም ጥንት ለገዳይ ክብር ያስገኝ የነበረው ግፈፋ ዛሬ በወንጀል ያስጠይቃል። ከወደቀ ሰው ላይ እጁን የሰበሰበ ወታደር፣ ከተፈናቀለ ጎረቤቱ ቤት ዕቃ ያላነሣ ነዋሪ፣ የቃሉን ትርጉም በሥራ ተረድቶታል።